የውፍረት ቀዶ ሕክምና በጎልማሳ ዕድሜ፦ ከአዲስ አበባ ዳርቻ ሲታይ

የውፍረት ቀዶ ሕክምና ጨጓራን በማሳነስ፣ አንዳንዴም ምግብ የሚያልፍበትን የአንጀት መንገድ በማሳጠር ክብደት የሚቀንስ ሕክምና ነው። ብዙ ሰው «ጨጓራ ማስቀነስ» ይለዋል። ይህ ጽሑፍ የሚያየው ውሳኔውን ነው። ከ40 ዓመት በላይ ሆነው፣ ስኳሩም ግፊቱም አንድ ላይ መጥቶባቸው፣ «ልሠራ ወይስ ይቅርብኝ?» እያሉ የሚያስቡ ብዙ ናቸው። ቦታው ደግሞ የአዲስ አበባ ዳርቻ ነው፤ አያት፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ጀሞ፣ ከከተማዋ ወሰን ወዲያ ያሉት ለገጣፎና ሰበታም ጭምር።

ቦታው ለምን ይነሳል? ኦፕሬሽኑ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ታካሚው ሆስፒታል የሚያድረው ለጥቂት ቀናት ነው። የቀረው ሁሉ የሚኖረው ቤት ውስጥ ነው። ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ለክትትል ሁለት ታክሲ ተይዞ በሚኬድበት መንገድ። ውሳኔው መመዘን ያለበት በዚህ ኑሮ ነው ብዬ አምናለሁ።

ምን ይሠራል?

ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራው ስሊቭ የሚባለው ነው። ሐኪሙ ከጨጓራው 80 በመቶ የሚጠጋውን ቆርጦ ያወጣዋል። የሚቀረው ቀጭንና ረጅም ክፍል ነው። የወጣው ተመልሶ አይገባም። ግሬሊን የተባለው የረሃብ ሆርሞን በዋናነት የሚመነጨው ከዚያው ከተቆረጠው ክፍል ስለሆነ፣ የሚቀንሰው ጨጓራው የሚይዘው መጠን ብቻ አይደለም፤ ረሃቡም ጋብ ይላል።

ሁለተኛው ባይፓስ ነው። መነሻው አሜሪካዊው ሐኪም ኤድዋርድ ሜሰን በ1966 እ.ኤ.አ. የጀመረው ኦፕሬሽን ነው። ከጨጓራው አናት ላይ 30 ሚሊ ሊትር ያህል የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ትለይና በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ትገጠማለች። ሁለቱም ዛሬ የሚሠሩት በላፓራስኮፒ ነው፤ ሆድ ሳይከፈት በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ ገብቶ። ጨጓራን በቀለበት የማሰር ዘዴም ነበረ። ብዙዎቹ ቀለበቶች በኋላ መውጣት ስላስፈለጋቸው አሁን እየቀረ ነው።

በሁለቱ መካከል መምረጥ ለእኛ አገር ጎልማሳ ቀላል ጉዳይ አይደለም። የጨጓራ ሕመም በእኛ ዘንድ የተለመደ ነውና። «ጨጓራዬ ተነሳብኝ» የማይል የ50 ዓመት ሰው ማግኘት ይከብዳል። ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያም በአገራችን በጣም የተስፋፋ ነው። ስለዚህ ከኦፕሬሽኑ በፊት ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ ገብቶ ጨጓራ የሚታይበት ምርመራ) መታየት፣ ባክቴሪያው ከተገኘም ታክሞ መጥፋቱን በድጋሚ ምርመራ ማረጋገጥ ይገባል። ከባይፓስ በኋላ አብዛኛው ጨጓራ ከምግብ መንገድ ውጪ ሆኖ ሆድ ውስጥ ይቀራል። በተለመደው ኢንዶስኮፒ ማየት አይቻልም። በሌላ በኩል ቃር የሚያስቸግረው ሰው ስሊቭ ቢሠራ ቃሩ ሊብስበት ይችላል። ለእንዲህ ያለው ሰው አብዛኞቹ ሐኪሞች ባይፓስን ይመርጣሉ።

ሌላም አለ። ጉልበቱን የሚያመው ጎልማሳ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከፋርማሲ ገዝቶ መዋጥ ለምዷል። ከባይፓስ በኋላ እነዚህ መድኃኒቶች ጨጓራውና አንጀቱ የተገጠሙበት ቦታ ላይ ቁስል ያመጣሉ። ሲጋራም እንዲሁ። ስለዚህ የጉልበቱ ሕመም በምን እንደሚታከም ቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል።

ለማን ይመከራል?

መለኪያው ቢኤምአይ ነው፤ ክብደት በኪሎ፣ በሜትር ለተለካው ቁመት ሁለት ጊዜ ይካፈላል። ቁመቷ 1.60 ሜትር የሆነች ሴት 90 ኪሎ ብትመዝን ቢኤምአይዋ 35 ገደማ ነው። 102 ኪሎ ተኩል ስትደርስ 40 ይሆናል። ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለብዙ ዓመታት የተሠራበት መስፈርት 40 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም 35 ሆኖ ከውፍረት ጋር የተያያዘ በሽታ ላለበት የሚል ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ የሙያ ማኅበራት ዝቅ አደረጉት። 35 የደረሰ ሰው ሌላ በሽታ ባይኖርበትም ይመከራል፤ ከ30 እስከ 35 ያለውም እንደ ስኳር ያለ በሽታ ካለበት ሊታሰብለት ይችላል።

የሰርግ ቀሚስ አልገባ ስላለ ኦፕሬሽን አይገባም። ይህን አጠንክሬ የምለው የኦፕሬሽን ወሬ አሁን አሁን ከመልክ ጋር ብቻ ተያይዞ ስለሚወራ ነው። በጎልማሳ ዕድሜ ትልቁ ምክንያት በሽታው ነው። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የጉበት ስብ፣ በእንቅልፍ ላይ የትንፋሽ መቆራረጥ። ሌሊቱን ሙሉ የሚያንኮራፋና ቀን ታክሲ ውስጥ ቁጭ እንዳለ የሚያንቀላፋ ሰው መመርመር አለበት። ችግሩ ሳይታወቅ ማደንዘዣ መውሰድ አደገኛ ነው።

የሚያስገኘው እና የሚያስከፍለው

ከዚህ ዕድሜ ጋር በቀጥታ የሚገናኘው ማስረጃ ከስዊድን የመጣ ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ጥናት ዕድሜያቸው ከ37 እስከ 60 የሆኑ 4 ሺህ ያህል ሰዎችን ይዞ ለአሥርት ዓመታት ተከታትሏል። ግማሾቹ ተሠርተዋል፣ ግማሾቹ በተለመደው ሕክምና ቆይተዋል። የተሠሩት በሁለተኛው ዓመት በአማካይ 23 በመቶ ክብደት ቀንሰው ነበር። በ20ኛው ዓመት ቅናሹ 18 በመቶ ነበር። በ2020 እ.ኤ.አ. በወጣው ውጤት የተሠሩት ካልተሠሩት በአማካይ 3 ዓመት ያህል ረዝመው ኖረዋል። ከአጠቃላዩ ሕዝብ ጋር ሲነጻጸሩ ግን ዕድሜያቸው አሁንም አጭር ነበር። በዚያ ጥናት ከተሠሩት ኦፕሬሽኖች አብዛኞቹ ዛሬ የቀሩ ዓይነቶች ናቸው። የአሁኖቹ ስሊቭና ባይፓስ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከ25 እስከ 30 በመቶ ያስቀንሳሉ። 100 ኪሎ የነበረ ሰው 70 ወይም 75 ኪሎ ይሆናል ማለት ነው።

ስለ ስኳር ያለው እውነት ደስ የሚልም የሚያሳስብም ነው። በስዊድኑ ጥናት ከተሠሩት የስኳር ሕመምተኞች 72 በመቶዎቹ በሁለተኛው ዓመት ከበሽታው ነጻ ነበሩ። በአሥረኛው ዓመት ቁጥሩ 36 በመቶ ሆነ። የበለጠ የሚጠቀመው ስኳሩ ከጀመረው ብዙ ያልቆየ፣ ኢንሱሊንም ያልጀመረ ሰው ነው። እዚህ ላይ ዕድሜ ለውጥ ያመጣል። በ45 ዓመቱ የሚወስንና በ58 ዓመቱ የሚወስን ሰው አንድ ዓይነት ጥቅም አይጠብቁ።

አደጋው? ልምድ ባላቸው ማዕከላት ከኦፕሬሽኑ ጋር በተያያዘ የሚሞተው ከ1,000 ሰው 1 ያህል ነው። ከሐሞት ጠጠር ኦፕሬሽን ብዙም አይርቅም። ነገር ግን የተሰፋው ቦታ ሊያፈስ ይችላል። ሊደማ ይችላል። እግር ላይ የረጋ ደም ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ቶሎ መክሳት የሐሞት ጠጠር ያመጣል። ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ፀጉር ይነቃቀላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል። ቆዳው ይንጠለጠላል፤ በ50 ዓመት ቆዳ እንደ ወጣት አይሰበሰብም። ከስቡ ጋር ጡንቻና አጥንትም ይቀንሳል። የወር አበባዋ እየተቋረጠ ላለ ሴት ይህ ድርብ ነው፤ አጥንቷ በራሱ መሳሳት የሚጀምርበት ጊዜ ነውና። በ40ዎቹ መጀመሪያ ያለች ደግሞ ልጅ የምታስብ ከሆነ ከኦፕሬሽኑ በኋላ ቢያንስ አንድ ዓመት፣ ቢቻል አንድ ዓመት ተኩል መቆየት አለባት። ከባይፓስ በኋላ የሚዋጥ የወሊድ መከላከያ ላይ መተማመን ስለማይቻል ሌላ ዘዴ ትጠይቅ።

ቤት ሲገባ

የመጀመሪያዎቹን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንታት ከባድ ነገር ማንሳት ክልክል ነው። ይህ ምክር ሆስፒታል ውስጥ ሲሰሙት ቀላል ነው። ውሃ ሲጠፋ ግን ባለ 20 ሊትር ጄሪካን 20 ኪሎ ነው፤ የሚወጣውም በደረጃ ነው። ማን ያወጣዋል? ልጅ፣ ጎረቤት፣ ተከፋይ? ይህ ከኦፕሬሽኑ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ነው። ደረጃውን ራሱን ቀስ ብሎ መውጣት ግን ይፈቀዳል። ደም እንዳይረጋም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መራመድ ግድ ነው።

ከዚህ የሚብሰው የሌሊቱ መንገድ ነው። የተሰፋው ቦታ የሚያፈስ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው። ምልክቶቹ ትኩሳት፣ የልብ ምት በደቂቃ ከ120 በላይ መሆን፣ እየጨመረ የሚሄድ የሆድ ሕመም፣ የግራ ትከሻ ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ናቸው። እነዚህ ሲታዩ እስኪነጋ መጠበቅ የለም። ከኮዬ ፈጬ ወይም ከለገጣፎ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ መኪና ማግኘት ምን እንደሚመስል የሰፈሩ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ መሃል ከተማ ዘመድ ያለው ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት እዚያ ቢያርፍ በጣም ደግ ነው። የቀዶ ሐኪሙ ስልክ፣ የተሠራው ኦፕሬሽን ዓይነት የተጻፈበት ወረቀት፣ ሌሊት የሚመጣ የሚታመን ሹፌር ቁጥር በእጅ ይሁን። ወረቀቱ በቅርብ ወደሚገኝ ሆስፒታል ቢኬድም ይረዳል። በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ለሚኖር ለምሳሌ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ከጥቁር አንበሳ ይልቅ ይቀርባል፤ የሚቀበለው ሐኪም ግን ምን እንደተሠራ ማወቅ አለበት።

ማዕድ

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ፈሳሽ ብቻ ነው። መረቅ፣ ስኳር ያልበዛበት ቀጭን አጥሚት፣ ወተት፣ በትንሽ በትንሹ እየተጎነጨ። ቀጥሎ የተፈጨ፣ ከዚያ ለስላሳ ምግብ፦ እርጎ፣ አይብ፣ እንቁላል፣ ቀጠን ያለ ሽሮ፣ የተፈጨ ምስር። እንጀራና ዳቦ ዘግይተው ይገባሉ፤ ደረት ላይ የመያዝ ስሜት ያመጣሉና። ጥብስና ቆሎ ደግሞ ከዚያም በኋላ። ምግብና ውሃ አብረው አይወሰዱም። በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል፤ ካልሆነ የሚከሳው ጡንቻው ነው።

እና ጾሙ? ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል የለም። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ግብጦ ፕሮቲን አላቸው። ችግሩ ጨጓራው የሚይዘው ጥቂት ማንኪያ ብቻ መሆኑ ነው። በዚያች ማንኪያ የቀኑን ፕሮቲን ከጥራጥሬ ብቻ ማግኘት በመጀመሪያው ዓመት በጣም ይከብዳል። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ማቅለል ታውቅበታለች። ከነፍስ አባት ጋር አስቀድሞ መነጋገር ሸክሙን ያቀላል፤ በኋላ በጸጸት ተደብቆ ከመብላትም ያድናል። ለሙስሊሙም በረመዳን ዋናው ስጋት የውሃ ማነስ ነው፤ በአንድ ጊዜ ብዙ መጠጣት አይቻልምና። የቀኑ ጾም የሚጀመርበትን ጊዜ ሐኪሙ ይወስን።

ጉርሻውን የሚያቆመው ግን ሐኪም አይደለም። ለቅሶ ቤት፣ ማኅበር፣ ሰርግ፣ ሁሉም ቦታ «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» አለ። ከሁለት ጉርሻ በኋላ የሞላ ጨጓራ ሦስተኛውን ከተቀበለ ያስመልሳል። ባይፓስ የተሠራ ሰው ጣፋጭ ነገር ሲበዛበት ላብ ያጠምቀዋል፣ ልቡ ይመታል፣ ያዞረዋል። መጠጥም በፍጥነት ወደ ጭንቅላት ይወጣል፤ ከኦፕሬሽኑ በፊት ያልነበረ የመጠጥ ሱስ በኋላ የሚጀምራቸው ሰዎችም አሉ። ስለዚህ ለቤተሰብና ለቅርብ ወዳጅ እውነቱን መናገር የሚሻል ይመስለኛል። የከሳ ጎልማሳ በሰፈራችን «ምን ሆኖ ነው?» መባሉ አይቀርም፤ ዝም ያለ ሰው ሌላ በሽታ ይለጠፍበታል።

ቫይታሚኑ የዕድሜ ልክ ነው። ቢ12፣ አይረን፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ። በመጀመሪያው ዓመት በየጥቂት ወሩ፣ ከዚያ በየዓመቱ የደም ምርመራ ይደረጋል። በተለይ ማስታወክ ለቀናት ካላቆመ የቢ1 እጥረት አንጎልንና ነርቭን በማይመለስ ሁኔታ ሊጎዳ ይችላል። ያስመለሰ ሰው «ይተወኛል» ብሎ ቤት አይቀመጥ።

ወጪው ሲሰላ ይህ ሁሉ አብሮ መደመር አለበት። ቱርክ ወይም ሕንድ ሄዶ መሠራት ቢያዋጣም በሳምንቱ ተመልሶ የሚመጣው ሰው ክትትሉን እዚህ ማን እንደሚይዝለት ሳያረጋግጥ መሳፈር የለበትም። ለአንድ ቀን ኦፕሬሽን ቤት ንብረቱን ሸጦ ለቫይታሚን ያጠረው ሰው ተጎጂ ነው።

ሌላው አማራጭ

ሴማግሉታይድ የተባለው በሳምንት አንዴ የሚወጋው መድኃኒት፣ ብዙ ሰው ኦዜምፒክ በሚለው ስሙ የሚያውቀው፣ ለውፍረት በሚሰጠው መጠን በአማካይ 15 በመቶ ያህል ያስቀንሳል። ሲቆም አብዛኛው ክብደት ይመለሳል። ስለዚህ ወርኃዊ ወጪው ለዓመታት የሚቀጥል ነው፤ ያልተከፈተውም ፍሪጅ ይፈልጋል፣ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ይህም ይታሰብ።

ላለመሠራት የወሰነ ሰውም ሕክምና አላጣም። ከክብደት ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ብቻውን ግፊትንና ስኳርን ያሻሽላል። 100 ኪሎ ለሆነ ሰው ከ5 እስከ 10 ኪሎ ማለት ነው። የግፊትና የስኳር መድኃኒት ክትትል በቅርብ ጤና ጣቢያ ይገኛል። ከዓመት በኋላ ቁጥሮቹ ካልወረዱ፣ ወይም ኢንሱሊን የመጀመር ነገር ከመጣ፣ የኦፕሬሽኑን ጥያቄ እንደገና አንስቶ ከሐኪም ጋር መነጋገር ይቻላል።