«ኔትወርክ ከገባ ሕዝቡ ራሱ ይጠቀማል» እና ሌሎች የሰለቹኝ አባባሎች

ባሕር ዳር ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች በአቅማቸው ኢንተርኔት እንዲያገኙ ፕሮፖዛል እጽፋለሁ፤ በተለይ ለቅስቀሳው፣ ማለትም ቤት ለቤት እየሄዱ አጠቃቀሙን ለሚያስተምሩ ሠራተኞች በጀት እከራከራለሁ። የሚያደክመኝ ሥራው አይደለም። በየስብሰባው ያንኑ ንግግር፣ አፍ እየቀያየረ፣ እንደ አዲስ ግኝት ሲነገር መስማት ነው። ከእንግዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይህን ጽሑፍ እልክለታለሁ።

ቀላል ቀላሉን ላስቀድም።

«ድሃ ዳቦ እንጂ ኢንተርኔት ምን ያደርግለታል?» የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚታየው በኢንተርኔት ነው። የፓስፖርት ማመልከቻ የሚሞላው በኢንተርኔት ነው። ራሱ መሙላት ያልቻለ ሰው ለሚሞላለት ይከፍላል፤ የሚከፍለውም ከዚያው ከዳቦው ገንዘብ ነው።

«ኢንተርኔት ማለት ፌስቡክ ነው።» ለተናጋሪው እንደዚያ ሊሆን ይችላል።

«እናቶቹ ፍላጎት የላቸውም።» ሲጠየቁ አላየሁም። በዚያ ላይ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሳይመለስ መቆየቱን እንርሳ? ያኔ «ምን ያደርግልኛል» ብለው ስማርት ስልካቸውን ሸጠው ወደ ባለ ቁልፉ የተመለሱ ሰዎች አውቃለሁ። እነዚህ ፍላጎት ያጡ ሰዎች አይደሉም፤ ደግመው ገንዘባቸውን ለማውጣት የሚጠነቀቁ ናቸው።

«ልጆቻቸው ያሳዩአቸዋል።» ይህ ሁሉም በሙሉ ልብ የሚናገረው ነው። ልጁ ለእናቱ የሚያሳያት ምንድን ነው? ስልኩን ይቀበላታል፣ ጥቅሉን ይገዛል፣ ፈልጎ ያገኛል፣ ይመልስላታል። እናት ያየችው ጣት ሲሮጥ ብቻ ነው። ልጁ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ወይም ሌላ ከተማ ሲገባ እውቀቱም አብሮት ይሄዳል። ለዚህ ነው ሠራተኞቻችንን ስናሰለጥን የመጀመሪያው ደንብ «ስልኩ ከባለቤቱ እጅ አይወጣም» የሚለው። ምንም ያህል ጊዜ ይፍጅ፣ የምትነካው እሷ ናት።

አሁን ወደሚያናድደኝ እንምጣ።

«ኔትወርኩ አለ፣ ዋጋውም ረክሷል፤ ቀሪው የቅስቀሳ ወሬ ነው።» ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው የሚያስቸግረው። ኢትዮ ቴሌኮም በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋን በ43 በመቶ ቀንሷል። በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ከተማችን ገብቶ አማራጩ ሁለት ሆኗል። ነገር ግን ኔትወርክ መኖሩና ሰው መጠቀሙ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። የዓለም የሞባይል ኩባንያዎች ማኅበር ጂኤስኤምኤ በየዓመቱ በሚያወጣው ሪፖርት ደጋግሞ የሚያሳየው ይህንኑ ነው፤ የሞባይል ኢንተርኔት በሚደርስበት አካባቢ እየኖሩ የማይጠቀሙ ሰዎች በዓለም ከ3 ቢሊዮን በላይ ሲሆኑ፣ ጭራሽ ኔትወርክ የማይደርሳቸው ግን ከ5 በመቶ ያነሱ ናቸው። ችግሩ ያለው ማማው ሥር ነው።

ሽምብጥ አካባቢ በቀበሌ ቤት የምትኖር አንዲት እንጀራ ጋጋሪ እናት «ካርድ በሞላሁ ቁጥር ስልኩ ይበላዋል» ትል ነበር። ስማርት ስልክ አላት፤ ወንድሟ ነው የሰጣት። ዳታው ሁልጊዜ ክፍት ነው፣ ጥቅል ግን ገዝታ አታውቅም። ስለዚህ ስልኩ በራሱ ጊዜ መተግበሪያ ሲያድስ፣ ቪዲዮው ሳትነካው ሲጫወት፣ ሒሳቡ የሚቆረጠው በውዱ፣ ያለ ጥቅል በሚታሰበው ተመን ነበር። ከእኛ ሠራተኞች አንዷ አንድ ከሰዓት በኋላ አጠገቧ ተቀምጣ *999# አስደወለቻት፤ ሳምንታዊ ጥቅል እንዴት እንደሚገዛ፣ ዳታ እንዴት እንደሚዘጋ፣ ቪዲዮው በራሱ እንዳይከፈት ምን እንደሚደረግ እያስነካች አሳየቻት። ከዚያ በኋላ ደንበኞቿ ትዕዛዝ የሚልኩላት በቴሌግራም ነው፤ ለካርድ የምታወጣው ደግሞ ከበፊቱ ያነሰ ነው።

ልብ በሉ፣ ለዚህች ቤት ዋጋው የረከሰው ታሪፍ ስለተቀነሰ አይደለም። የተቀነሰው ታሪፍ ከተቀነሰ ቆይቷል። የረከሰላት አጠገቧ የሚቀመጥ ሰው ስላገኘች ነው። ያ ሰው ደግሞ ደመወዝ ይበላል።

እዚህ ላይ ነው ለጋሹም፣ የቢሮ ኃላፊውም፣ የሒሳብ ሹሙም በአንድ ድምፅ የሚናገሩት፦ «የሰው ደመወዝ የአስተዳደር ወጪ ነው፤ ገንዘቡ ለዕቃ ይዋል።» ይህን አባባል ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በቀድሞው የበጎ አድራጎት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ዘመን የአስተዳደር ወጪ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠየቅ ነበር፤ መመሪያውም የስልጠናውን፣ የመጓጓዣውን፣ የመስክ ሥራውን ወጪ ሳይቀር ወደዚያ ያጉረው ነበር። ያ ሕግ ተሽሯል። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ጣሪያውን ወደ 20 በመቶ ቢያወርደውም፣ የአስተዳደር ወጪ የሚለው ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር የማይገናኘውን፣ ድርጅቱን ለማቆየት የሚወጣውን ወጪ ነው። ቤት ለቤት እየሄደች እናቶችን የምታስተምር ሴት ደመወዝ የፕሮጀክቱ ሥራ ራሱ ነው። አዋጁን አንብቡት፤ ረጅም አይደለም። ሕጉ ከተቀየረ ዓመታት አልፈውት የሒሳብ ሹሙ ልማድ አለመቀየሩ የእናቶቹ ጥፋት አይደለም።

«ድጎማ ከተሰጠ ቅስቀሳ አያስፈልግም» ለሚሉ ደግሞ ከሀብታም አገር ምሳሌ ላምጣ። አሜሪካ በ2021 (በፈረንጆች አቆጣጠር) በወጣ ሕግ 14.2 ቢሊዮን ዶላር መድባ ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች የኢንተርኔት ክፍያ በወር እስከ 30 ዶላር ትቀንስ ነበር። ቅናሹ በነጻ የቀረበ ነበር፤ ያም ሆኖ የተመዘገቡት 23 ሚሊዮን ቤተሰቦች ከሚገባቸው ግማሽ አይሞሉም ነበር። አንዱ አልሰማም፣ ሌላው ማጭበርበር መሰለው፣ ሌላው ቅጹ አስቸገረው። መንግሥታቸው ይህን ስላየ በ2023 ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለቅስቀሳ ብቻ መድቦ ለአካባቢ ድርጅቶች አከፋፈለ። ፕሮግራሙ ገንዘቡ አልቆ በ2024 ተዘጋ፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። እንግሊዝኛ የሚያነብ፣ ኮምፒውተር የለመደ ሕዝብ ቅናሽ ለመቀበል ሰው ደጁ ድረስ እንዲመጣለት ካስፈለገ፣ ዘጌ ውስጥ ቡና የሚለቅም ገበሬ በአንድ የሬዲዮ ማስታወቂያ ይገባዋል ብሎ መጠበቅ ምን ይባላል?

ታዲያ ቅስቀሳ ስል ግዮን ዳር ሆቴል ተከራይቶ፣ ባነር ሰቅሎ፣ ውሎ አበል ከፍሎ ግማሽ ቀን ስላይድ ማሳየት ማለቴ አይደለም። በዚህ ላይ ተጠራጣሪዎቹ ልክ ናቸው፤ እንዲህ ያለው ገንዘብ ይባክናል። ስለዚህ ፕሮፖዛል ለምትጽፉ ጥቂት ልበል።

ሠራተኞቹን ከሰፈሩ ውሰዱ፤ ቢቻል ሴቶች ይሁኑ፣ ቢቻል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚያውቋቸው። እድር ጥሩ መግቢያ ነው፣ ነገር ግን ወርሃዊ ስብሰባው ላይ እንጂ ለቅሶ ቤት አይደለም። ቡና ሲጠጣ ተቀመጡ። የሞባይል ገንዘብ የሚስጥር ቁጥር ማንም ሠራተኛ አይጠይቅ፣ ቢነገረው እንኳ አይስማ፤ «ገንዘቤ ይሰረቃል» የሚለው ፍርሃት የተሳሳተ አመለካከት ስላልሆነ እንደ ተሳሳተ አታርሙት። አጭበርባሪ አለ። እንዴት እንደሚደውል፣ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ አስመስላችሁ አሳዩአቸው።

ውጤት ስትለኩ የተሰብሳቢ ፊርማ አትቁጠሩ። ከሦስት ወር በኋላ ተመለሱና ቤቱ ጥቅል በራሱ እየገዛ እንደሆነ፣ በወር ስንት እንደሚያወጣ ጠይቁ። በቀን 10 ብር የሚያወጣ ቤት በወር 300 ብር ያወጣል፤ ብዙዎቹ ይህን ደምረውት አያውቁም፣ ሲደምሩት ወርሃዊ ጥቅል ያወዳድራሉ። የመመለሻውን ጉዞ በጀት ከመጀመሪያው ያዙት፣ ምክንያቱም መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው።

ደቅ ደሴትን ወይም ሌላ የጣና ደሴት ካካተታችሁ የጀልባውን ነዳጅ «ልዩ ልዩ» በሚል መስመር ውስጥ አትደብቁት። ለብቻው ጻፉት፣ ማዕበል ሲነሳ የሚታደርበትንም ጨምሩ። ገንዘቡ ካልበቃ የቲሸርቱን መስመር ሰርዙ።