ፊትን ስለመለየት ያሉ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«አይቶ ዘጋኝ፤ ኮርቶብኛል።»

መንገድ ላይ ሰላም ሳይለን ባለፈ ሰው ላይ የምንፈርደው እንዲህ ብለን ነው፤ ሆኖም ዓይናቸውም ሆነ አስተሳሰባቸው ጤነኛ ሆኖ ሳለ፣ የሚያውቁትን ሰው ፊት መለየት የሚያቅታቸው ሰዎች አሉ። ጀርመናዊው የነርቭ ሐኪም ዮአኪም ቦዳመር እ.ኤ.አ. በ1947 የአንጎል ጉዳት በደረሰባቸው ሰዎች ላይ የተመለከተውን ይህን ችግር ፕሮሶፓግኖዚያ ብሎ ሰየመው፤ በኋላም አንዳች ጉዳት ሳይደርስባቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ ከችግሩ ጋር የሚኖሩ ሰዎች እንዳሉ ታወቀ። ወዳጃቸውን የሚለዩት በድምፁ፣ በአረማመዱ፣ በፀጉሩ ወይም በአለባበሱ ስለሆነ፣ የሥራ ባልደረባቸውን ፀጉሩን ተላጭቶ ገበያ መሀል ቢያገኙት እንደ ባዳ ሊያልፉት ይችላሉ። የነርቭ ሐኪምና ደራሲ የነበረው ኦሊቨር ሳክስም ይህ ችግር ነበረበት። በእኛ ዘንድ ሰላምታ መንፈግ ትልቅ ነውር በመሆኑ፣ ችግራቸው ሳይታወቅላቸው በትዕቢት የሚወቀሱ ሰዎች ያሳዝኑኛል።

«እንግዲያው ችግሩ መርሳት ነው።»

አይደለም። የሰውየውን ስም፣ ታሪክና ውለታ ያስታውሳሉ፤ ድምፁን ሲሰሙም ማንነቱን ያውቃሉ።

«ፊትን የምናውቀው ዓይንን፣ አፍንጫንና አፍን ለየብቻ በመመልከት ነው።»

አንጎል ፊትን በዋነኛነት የሚመለከተው ክፍሎቹን ከነአቀማመጣቸው አዋሕዶ፣ እንደ አንድ ሙሉ ነገር ነው። ተመራማሪው ሮበርት ዪን እ.ኤ.አ. በ1969 ፎቶግራፍ ሲዘቀዘቅ፣ ፊትን መለየት ቤትን ወይም አውሮፕላንን ከመለየት ይበልጥ እንደሚከብድ አሳየ። ሌላው ተመራማሪ ፒተር ቶምፕሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980 ከያኔዋ የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ከማርጋሬት ታቸር ፎቶግራፍ ላይ ዓይኖቹንና አፉን ብቻ ገለበጠ፤ ፎቶግራፉ ተዘቅዝቆ ሲታይ ደኅና ይመስላል፣ ሲቃና ግን ያስደነግጣል። እ.ኤ.አ. በ1997 የአንጎል ተመራማሪዋ ናንሲ ካንዊሸርና ባልደረቦቿ ከአንጎል ግርጌ፣ በተለይም በቀኝ በኩል፣ ከዕቃዎች ይልቅ ለፊት አብዝቶ ምላሽ የሚሰጥ ስፍራ እንዳለ ገለጹ፤ ይሁንና የፊትን ስሜትና የዓይንን አቅጣጫ ለማንበብ ሌሎች የአንጎል ክፍሎችም ይሳተፋሉ።

«የሩቅ አገር ሰዎች ሁሉ ይመሳሰላሉ።»

እነሱም ስለ እኛ እንዲሁ ይላሉ። ልዩነቱን የሚፈጥረው ልምድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣ ጥናት፣ በልጅነታቸው በፈረንሳይ ቤተሰቦች በማደጎ ያደጉ ኮሪያውያን የአውሮፓውያንን ፊት ከእስያውያን ፊት በተሻለ ለይተዋል።

«የማላውቀውን ሰው ከፎቶው ጋር ማመሳከር አያቅተኝም።»

የምናውቀውን ሰው በደበዘዘ ምስል እንኳ እንለየዋለን፤ የማናውቀው ሰው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ ጥናት፣ በአውስትራሊያ የፓስፖርት ሠራተኞች ፊት ለፊታቸው የቆመን ሰው ከፎቶግራፍ ጋር ሲያመሳክሩ፣ የሌላ ሰው ፎቶግራፍ ከቀረበባቸው ጊዜያት በ14 በመቶው የራሱ ነው ብለው ተቀበሉ፤ ለዓመታት በሥራው ላይ የቆዩትም ከአዲሶቹ አልተሻሉም።