የጃፓን ቤዝቦል ታላላቅ ወርዋሪዎች በየዘመናቸው

በጃፓን ፕሮፌሽናል ቤዝቦል ታላቁ ኳስ ወርዋሪ ማን ነው ሲባል ቁጥር የሚያምን ሰው ማሳይቺ ካኔዳን ይጠራል። ግራኙ ካኔዳ ከ1950 እስከ 1969 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) 400 ጨዋታ አሸንፏል (በቤዝቦል የጨዋታው ድልና ሽንፈት በአንድ ወርዋሪ ስም ይመዘገባል)፤ 4,490 መቺዎችንም በስትራይክአውት፣ ማለትም ኳሷን ሳይመቱ፣ አሰናብቷል። ሁለቱም ክብረ ወሰኖች እስካሁን አልተሰበሩም። በሽንፈት ብዛትም፣ በ298፣ የሚስተካከለው የለም፤ አብዛኛውን ዘመኑን የተጫወተው ለደካማው ኮኩቴትሱ ስዋሎውስ ነበርና።

በድል ብዛት ብቻ ከተመዘነ ኤይጂ ሳዋሙራ ከካኔዳ አጠገብ አይደርስም። እሱን ያስጠራው በ1934 ሺዙኦካ ላይ ያደረገው ጨዋታ ነው። ገና የ17 ዓመት ልጅ ሳለ ቤብ ሩትና ሉ ጌሪግ ያሉበትን የአሜሪካ ቡድን ገጥሞ አራት መቺዎችን በተከታታይ በስትራይክአውት አስወጣ፤ በጌሪግ ሆምረን፣ ማለትም ኳሷን ከሜዳ ባወጣ ምት፣ 1 ለ 0 ተሸነፈ። ጦርነቱ ግን እድሜ አልሰጠውም፤ በ1944 የተሳፈረባት መርከብ በቶርፒዶ ተመትታ ሞተ። ከ1947 ጀምሮ የዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ የሚሸለመው በስሙ ነው።

ንጽጽሩን እጅግ የሚያከብደው የ1950ዎቹ መጨረሻና የ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። አሰልጣኞች ጎበዝ ወርዋሪ ካገኙ ያለ እረፍት ያሠሩት ነበር። በ1958 የጃፓን ሲሪስ፣ አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ሻምፒዮን በሚሆንበት የፍጻሜ ፍልሚያ፣ ኒሺቴትሱ ላየንስ በዮሚዩሪ ጃያንትስ ሦስት ጊዜ ከተሸነፈ በኋላ አራቱን ተከታታይ ጨዋታ አሸነፈ፤ የአራቱም ድል የተመዘገበው በቡድኑ ወርዋሪ በካዙሂሳ ኢናኦ ስም ነው። ሰዉ “አምላክ፣ ቡድሃ፣ ኢናኦ” ይል ጀመር። በ1961 ኢናኦ 42 ድል ሲያስመዘግብ፣ የቹኒቺ ድራጎንስ አዲስ ገቢ ሂሮሺ ጎንዶ 429 ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) ወርውሮ 35 አሸነፈ። አንድ ጨዋታ ዘጠኝ ኢኒንግ መሆኑን ላሰበ ይህ እብደት ነው። “ጎንዶ፣ ጎንዶ፣ ዝናብ፣ ጎንዶ” ተብሎ ተቀለደ፤ የሚያርፈው ሲዘንብ ብቻ ነበርና። በዓመቱ 30 ጨመረ፤ ከዚያ ክንዱ ከዳው። በኋላ አሰልጣኝ ሆኖ ወርዋሪዎችን ከልክ በላይ ማሠራትን አጥብቆ ተቃወመ፤ በ1998ም ዮኮሃማን ለሻምፒዮንነት አበቃ።

የዛሬ ወርዋሪ ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንዴ ይሰለፋል። ማሳሂሮ ታናካ በ2013 አንድም ሳይሸነፍ 24 ሲያሸንፍ የወረወረው 212 ኢኒንግ ነው፤ የጎንዶ ግማሽ እንኳ አይሞላም። እንደኔ ግን በአንድ ዓመት ብቃት ከታናካ የሚበልጥ ማግኘት ይከብዳል። ሮኪ ሳሳኪ በ2022፣ በ20 ዓመቱ፣ አንድም ተጋጣሚ ቤዝ (መቺው ሮጦ የሚደርስበት ጣቢያ) ሳያስረግጥ 19 መቺዎችን በስትራይክአውት አሰናበተ። በሳምንቱ ያንኑ ሊደግም ሲቃረብ፣ ስምንት ኢኒንግ ጨርሶ 102 ኳስ እንደወረወረ፣ አሰልጣኙ አስወጣው። ኢናኦ በዚህ ምን ይል ነበር?

በዚያ ላይ ምርጦቹ ወደ አሜሪካ ይሄዳሉ። በር ከፋቹ ሂዴዮ ኖሞ በጃፓን 78፣ በአሜሪካ 123 ድል አለው። ከ2021 እስከ 2023 የሳዋሙራን ሽልማት በተከታታይ የወሰደው ዮሺኖቡ ያማሞቶም በጃፓን 70 ድል አስመዝግቦ ነው የሄደው። ስለዚህ ደጋፊው አሁን የሁለቱን አገር ድል ደምሮ ይቆጥራል።