«እግዜር ካወቀው እኔ ምን ላድርግ?»

ፍልስፍና አስተምራለሁ። ባለፈው ሴሚስተር አንድ ተማሪዬ አሳይመንቱን ሳያስረክብ ቢሮዬ መጣ። «መምህር፣ እንደማላስረክብ እግዜር ድሮ ያውቅ ነበር እኮ!» አለኝ እየሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ይህችን ነገር ለቅሶ ቤት ሰምቻታለሁ። ሽቦው በወጣ ጎማ ቁልቁለት ከሚወርድ ሾፌርም ሰምቻታለሁ፤ «ቀኑ ካልደረሰ ማንም አይሞትም» ሲል። ወንድሜ፣ ጎማውን ቀይር!

«እሱ ካወቀው መሆኑ ግድ ነው፤ ስለዚህ ምርጫ የለኝም» ይላሉ። ስህተቱ ያለው «ግድ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። በመስኮቴ ሳይ ሊስትሮው በርጩማው ላይ ተቀምጧል። መቀመጡን ካወቅሁ ግድ ተቀምጧል ማለት ነው፤ ያልሆነ ነገር አይታወቅማ። ግን የማውቀው እሱ ስለተቀመጠ ነው እንጂ፣ እኔ ስላወቅሁ አልተቀመጠም። ቢነሳ ኖሮ የማውቀው መነሳቱን ይሆን ነበር። ይህን የተቀመጠ ሰው ምሳሌ የጻፈው ሮማዊው ፈላስፋ ቦኤቲየስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ524 አካባቢ፣ እስር ቤት ሆኖ ሞቱን ሲጠብቅ።

«አንተ የምታየው አሁን ነው፤ እሱ ግን ሳልወለድ ነው ያወቀው» የሚል ብልጥ አይጠፋም። ቦኤቲየስም አስቦበታል፤ ለፈጣሪ ትናንትና ነገ የለም፣ ሁሉም በፊቱ «አሁን» ነው ይላል።

በዚህ ክርክሩ አለቀ የሚሉትም ተሳስተዋል። አሜሪካዊው ፈላስፋ ኔልሰን ፓይክ እ.ኤ.አ. በ1965 ነገሩን ከሌላ ጎን ያዘው። ያለፈን ማንም አይቀይርም። ፈጣሪ በጊዜ ውስጥ ካለ ደግሞ፣ ከሺህ ዓመት በፊት ያወቀው አልፏል። ታዲያ እኔ ዛሬ ሌላ ባደርግ ያ እውቀት ምን ሊሆን ነው? እዚህ ላይ «ማወቅ ማስገደድ አይደለም» ብሎ ማምለጥ አይቻልም። እውነቱን ለመናገር፣ ይሄኛው እኔንም እንቅልፍ ይነሳኛል።

«የሃይማኖተኞች ጭቅጭቅ ነው»? አርስቶትል «ነገ የባሕር ውጊያ ይሆናል የሚለው ዛሬውኑ እውነት ከሆነ፣ ውጊያው ግድ ነው ወይ?» ብሎ ሲጨነቅ የአምላክን ስም አላነሳም።

«ቤተ ክርስቲያን ዘግታዋለች»? ሮም ላይ ሁለት የካቶሊክ ማኅበራት፣ ኢየሱሳውያንና ዶሚኒካውያን፣ ስለ ጸጋና ነፃ ፈቃድ እ.ኤ.አ. ከ1598 እስከ 1607 ተሟገቱ። የሮማው ጳጳስ ጳውሎስ አምስተኛ ለማንም ሳይፈርዱ አሰናበቷቸው።

«እስልምና ሁሉንም ለቀደር፣ ለአላህ ውሳኔ፣ ይተዋል»? ሰው ድርጊቱን ራሱ ይመርጣል ያሉትን የጥንት የእስልምና ሊቃውንት፣ ሙዕተዚላዎችን፣ ያላነበበ ነው እንዲህ የሚለው።

ለተማሪዬ የጥንቱን የግሪክ ፈላስፋ የዜኖንን ወግ ነገርኩት። ባሪያው ሲሰርቅ ተይዞ «መስረቅ ዕጣዬ ነበር» ቢለው፣ «መገረፍም ዕጣህ ነው» አለው ይባላል። ልጁ ሳቁን አቆመ። እስከ ሰኞ ጊዜ ሰጠሁት።

ሰኞም አላመጣም።