«እጅ ሰጠ» ለማን?

ደብረ ብርሃን ውስጥ እንግሊዝኛ የሚማር ተማሪ «ጊቭ አፕ» የሚለውን ግስ ሲያገኝ ደብተሩ ላይ «እጅ ሰጠ» ብሎ ይጽፋል። አልተሳሳተም፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው ያገኘው። «ሂ ጌቭ አፕ ስሞኪንግ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲመጣ ይቸገራል። በእንግሊዝኛው ሰውየው ማጨስ አቁሟል። «ለሲጋራ እጅ ሰጠ» ብንል ግን ሱሱ አሸንፎታል፣ ጭሱም ቀጥሏል ማለታችን ነው።

ነገሩን የምትገለብጠው «ለ» ናት። በአማርኛ እጅ የሚሰጠው ለሆነ አካል ነው፤ ለጠላት፣ ለሱስ፣ ለእንቅልፍ። ተቀባዩ ባይጠራም ከፊት ለፊት ቆሟል። የተሸነፈው ሰው እንዲታሰር እጁን ይዘረጋል፣ አሸናፊው ይይዘዋል። በቀድሞው የቁራኛ ሥርዓት ባለዕዳ ከአበዳሪው ጋር በሰንሰለት ይቆራኝ በነበረበት አገር ይህ ባዶ ዘይቤ አልነበረም።

ሰሜን ሸዋ ላይ ሐረጉ ክብር ያገኘው በአሉታው ነው፤ «እጅ አልሰጠም» ሲባል። ከ1928 እስከ 1933 በነበረው የጣሊያን ወረራ ራስ አበበ አረጋይ በዚህ ምድር አርበኞችን እየመሩ ተዋጉ። በወረራው ማብቂያ ገደማ ጣሊያኖች ሊያስገቧቸው ድርድር ከፈቱ። እርሳቸውም ተደራደሩ፣ ጊዜ አተረፉበት፣ እጃቸውን ግን ሳይሰጡ ነጻነት ደረሰ። ሐረጉ ምን ያህል ጥብቅ እንደሆነ እዚህ ላይ ይታያል፤ ከጠላት ጋር መነጋገር እጅ መስጠት አይደለም፣ መያዝ ነው እጅ መስጠት።

ሁለቱ ቋንቋዎች በደንብ የሚገናኙት ፖሊስ ጣቢያ ነው። ተፈላጊው ራሱ ሲመጣ እኛ «እጁን ለፖሊስ ሰጠ» እንላለን፣ እንግሊዝኛውም «ጌቭ ሂምሰልፍ አፕ» ይላል። ከዚያ ወዲያ መንገዳቸው ይለያያል። «ጊቭ አፕ» ተቀባይ አያስፈልገውም፤ ሰው ብቻውን ተቀምጦ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ ለመጥፎ ልማድ «ተወ» ወይም «እርግፍ አድርጎ ተወ»፣ ለጠፋ በግ ፍለጋ «ተስፋ ቆረጠ»፣ አውቶቡስ ውስጥ ለአዛውንት መቀመጫ ሲሆን «ለቀቀ» ማለት ይሻላል። «እጅ ነሳ» ደግሞ ሌላ ነው፤ በአክብሮት ጎንበስ ማለት ነውና ከዚህ ጋር አይደባለቅ።

እኔ ከሁሉ የምወደው ግን የእንቆቅልሹን ነው። እንግሊዛዊ ልጅ መልሱ ሲጠፋው «አይ ጊቭ አፕ» ይላል፣ ነገሩም በዚያው ያበቃል። የእኛ ልጅ እንዲህ በቀላሉ አይለቀቅም። «አላወቅሁም» ሲል ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይለዋል። እጅ ቀርቶ አገር! መንዝን ቢሰጥ ጠያቂው አልጠግብም ይል ይሆናል፤ ተሸናፊው አንኮበርን ይጨምርለታል፤ ጠያቂው በተሰጠው አገር ከነገሠና ተሸናፊውን እንዳሻው ከተሳለቀበት በኋላ ነው መልሱን የሚነግረው።