የባቡሩ «25 ኪሎቮልት» ምን ማለት ነው?

የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር በ25 ኪሎቮልት፣ ማለትም በ25,000 ቮልት፣ ኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር ደግሞ በ750 ቮልት። ቁጥሩን የሰማ ሰው የጅቡቲው ለብቻው መብራት የሚጨርስ ይመስለዋል። አይደለም። ቮልት እንደ ውሃ ግፊት ነው። ግፊቱ ከፍ ሲል፣ ለዚያው ጉልበት በሽቦው የሚያልፈው አምፒር፣ ማለትም የኤሌክትሪኩ ፍሰት መጠን፣ ይቀንሳል። አምፒሩ በግማሽ ሲቀንስ ሙቀት ሆኖ የሚባክነው ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚረዝም መስመር ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ኃይል ሰጪ ጣቢያዎቹን አራርቆ መትከል ይቻላል። ለከተማው አጭር መንገድ 750 ቮልቱ ይበቃል።

አደራ፣ ከሀዲዱ በላይ የተዘረጋው ሽቦ ሳትነኩትም ይገድላል። በጣም ከተጠጋችሁት ኤሌክትሪኩ አየሩን ዘሎ ይመጣል። ረጅም ብረት ይዛችሁ በሥሩ አትለፉ። ፉርጎ ላይ መውጣትማ ፈጽሞ አይሞከርም።