ነውረኛ መሪ እና ነውር የማያውቅ መሪ፦ ልዩነቱ ምንድን ነው?

ሰሞኑን ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በታክሲ ስሄድ ሬዲዮ ላይ የቀረበ አንድ ተንታኝ «ፖለቲካ ሞራል-አልባ ነው፤ መሪን ኢ-ሞራላዊ ብሎ መውቀስ የዋህነት ነው» አለ። ሁለቱን ቃላት አምታታ፤ በዚያው ባምታታው ላይ ቆሞ የዓለምን መሪዎች በሙሉ ነጻ አወጣ። ሥነ ምግባር ሳስተምር ይህን ስሕተት ስንቴ እንዳረምኩ ቆጥሬ አልዘልቀውም። ተማሪ ሲስት ክፍል ውስጥ ይታረማል፤ ብዙ ሰው የሚሰማው ሲስት ግን ዝም ማለት አይሆንልኝም።

የግርታው አንድ ምንጭ «ሞራል» የሚለው ቃል ራሱ ነው። እኛ ዘንድ «ሞራል የለኝም» ያለ ሰው ወኔው ከድቶታል ማለት ነው እንጂ ክፉ ነው ማለት አይደለም። ስለ አንድ ባለሥልጣን «ሞራል የለውም» ሲባልም አንዱ ክፋት፣ ሌላው ግድ የለሽነት ይሰማል። አማርኛ ግን የራሱ የጠራ መለያ አለው። ነውረኛው ነውር መሆኑን እያወቀ ያደርጋል። ነውር የማያውቀው ጥያቄው ከነጭራሹ አይታየውም። ኢ-ሞራላዊ የመጀመሪያው ነው፤ ሞራል-አልባ ሁለተኛው።

ፒያሳ ወርቅ ቤት ገብቶ ቀለበት ያስመዘነ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ሚዛን የሚያጭበረብር ነጋዴ ገዢው በሚዛን እንደሚያምን ያውቃል፤ ግራሙን ጮክ ብሎ ይጠራል፣ ጣቱን ይደብቃል። ሽንኩርት በመደብ የሚሸጠው ደግሞ ሚዛን የለውም። «ስንት ኪሎ ይሆናል?» ብትሉት «መደቡ ይኸው» ይላችኋል። አልዋሸም፣ አልሰረቀም። እንግዲህ ወርቅ በመደብ የሚሸጥ ሰው አስቡ። ሚዛኑን አላዛባም፤ ሚዛን አላስቀመጠማ! ታዲያ አልበደለም ልንል ነው? ተንታኙ የሳተው ይህን ነው። ሽንኩርት ያለ ሚዛን ቢሸጥ ማንም አይጎዳም፤ ወርቅን ያለ ሚዛን መሸጥ ግን ገና ሲጀመር በደል ነው። መሪም እንዲሁ ነው። የከተማ አውቶቡስ ምን ቀለም ይቀባ የሚለው ውሳኔ ከሞራል ውጭ ቢሆን ችግር የለውም። እስር፣ ጦርነት፣ ሰውን ከቤቱ ማስነሣት ግን የወርቁ ወገን ናቸው። «ሞራል-አልባ» ማለት ሠሪው ነገሩን እንዴት እንዳየው ይነግረናል እንጂ ሥራው አይዳኝም ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። የደበቀ ሁሉ ኅሊናው ወቅሶት አይደለም። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን የዋተርጌትን ጉዳይ (የተፎካካሪውን ፓርቲ ቢሮ ሰብሮ የመግባት ቅሌት) ሸፋፍኖ በነሐሴ 1974 እ.ኤ.አ. ሥልጣኑን ለቀቀ፤ የሸፈነው አፍሮ ይሁን ቅጣት ፈርቶ፣ መሸፈኑ ብቻ አይነግረንም። መደበቅ የሚያረጋግጠው ሌሎች ነገሩን ነውር እንደሚሉት ማወቁን ነው። ይሉኝታና ኅሊና አንድ አይደሉም። «ይህ ሰው በተፈጥሮው ነውር አያውቅም» ብሎ መፍረድም የሐኪም ሥራ ነው፤ እኛ በእጃችን ያለውን ውሳኔውን ነው የምንመዝነው።

ተንታኙ የጣሊያኑን የፖለቲካ ጸሐፊ ማኪያቬሊንም ጠቅሷል፤ ሁሉም ይጠቅሰዋል። ማኪያቬሊ በ1513 እ.ኤ.አ. በጻፈው የታወቀ መጽሐፉ ገዥ ግድ ሲሆንበት ጥሩ አለመሆንን መማር አለበት ይላል። ክፉውን «ክፉ» ብሎ ነው የሚጠራው። የጥንቷ የሰራኩስ ከተማ ገዥ አጋቶክለስ ዜጎቹን ፈጅቶ፣ ወዳጆቹን ከድቶ ሥልጣን መያዙን ሲተርክ፣ ይህን ምግባር ብሎ መጥራት እንደማይቻል በግልጽ ያስቀምጣል። ሚዛኑን ያውቀዋል፤ መቼ መተው እንዳለበት ነው የሚመክረው። ምክሩን ልትጠሉት ትችላላችሁ፤ ሞራል-አልባ ግን አይደለም።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ካለ፣ መሪን መቃወም ሲመጣ ያየዋል። ነውረኛውን ማጋለጥ ይሠራል፤ ፊቱ ይቀላል፣ ያስተባብላል፣ አንዳንዴም ይመለሳል። ነውር የማያውቀውን ብታጋልጡት «ታዲያ ምን ይጠበስ?» ይላችኋል። እርሱን የሚያቆመው ፍርድ ቤት፣ ምክር ቤትና የሥልጣን ገደብ ነው፤ ወቀሳ አያቆመውም።

ከሁሉ የሚያስቸግረኝ ሦስተኛው ዓይነት ነው፤ ያ ተንታኝ ጨርሶ አላነሣውም። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ዛሬ መስቀል አደባባይ በምንለው አብዮት አደባባይ ቆሞ ደም የመሰለ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች ከሕዝብ ፊት ሰባበረ። ከዚያ በኋላ የተገደሉ ወጣቶች አስከሬን መፈክር ተለጥፎበት መንገድ ላይ ይጣል ነበር። ግድያው «ነፃ እርምጃ» ተባለ። ይህ ነውረኛ አይደለም፤ ነውረኛ ይደብቃል። ነውር የማያውቅም አይደለም፤ ነውር የማያውቅ መፈክር አይለጥፍም። የራሱን ሚዛን አምጥቶ የተከለ ነው፤ በዚያ ሚዛን መግደል ግዴታ፣ ማዘን ወንጀል ሆነ። እናት በልጇ አስከሬን ላይ እንዳታለቅስ፣ ጥቁር እንዳትለብስ የተከለከለችው ለዚህ ነበር።